ሰባ አራተኛው በር

ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው የሰው ምስጢር ይበዛበታል። የፍቺ ወረቀቱ፣ የሥራ ማመልከቻው፣ የሐኪም ማስረጃው ሁሉ በእጄ ያልፋል። አላነብም ብዬ ብምል ውሸቴን ነው፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ዓይን የት ይሂድ? ይህን ታሪክም ያወቅሁት በዚሁ ክፉ ልማዴ ነውና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የሱቄን በር ገና ከፍቼ ሳልጨርስ ጋሼ መዝገብ ደፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በከተማችን ጤና ቢሮ የድንገተኛ ጊዜ እቅድ ሲያወጡ አንድ ጥቁር መዝገብ ከብብታቸው ተለይቶ ስለማያውቅ፣ ትልቁም ትንሹም በዚሁ ይጠራቸዋል። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ሥራቸውን ይወዳሉ፤ ትንሽ ግትርነት ባይጨመርበት ኖሮ እንከን አይወጣላቸውም ነበር።

«አምስት ኮፒ አድርገህ አሳምረህ ጠርዝልኝ» አሉኝ። «የመጨረሻ እቅዴ ነውና ሽፋኑ ወፈር ያለ ይሁን። ሐሙስ ጠዋት አስገባለሁ።»

ሽፋኑን አየሁት። ለአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወረርሽኝ የተዘጋጀ እቅድ ይላል። ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ከኛ በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል ባለችው ከተማ በሽታው ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ዝናቡ ሲጀምር ወደኛ እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል። ሐሙስ ማለት ደግሞ ዋናው መጋዘን የመድኃኒት ጥያቄ የሚዘጋበት ቀን ነው። በእቅዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይመጣል፤ ያልተጻፈው አይመጣም።

የመጀመሪያውን ገጽ ማሽኑ ላይ እንዳስተኛሁ የወንድማቸው ልጅ ገባች። እሷ በታችኛው ሰፈር ክሊኒክ ነርስ ናት፤ የክትባት ካርድ ልታባዛ ነው የመጣችው። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የሚኖሩትም አንድ ቤት ነው። ሆኖም እሷ ተረኛ ስለሆነች ሳምንት ሙሉ ሳይተያዩ ቆይተው እኔ ጋ ተገናኙ። ተሳሳሙ፤ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ልጅቱ ዓይኗን ከማሽኔ ላይ ጣለች። ልማዱ የኔ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ታችኛው ሰፈር ስምንት መቶ አርባ ሰው ነው ያሉት ከየት አግኝተው ነው?»

«ከእግሬ ነዋ» አሉ ኮራ ብለው። «መቶ ስልሳ ስምንት በር አለ። በየዓመቱ እየዞርኩ በገዛ ጠመኔዬ ቁጥር የምጽፍበት እኔ ነኝ። አንድ በር አምስት ሰው። አባዢው።»

«አንኳኩተው ያውቃሉ?»

«ምን ያስንኳኳኛል? በር እኮ ከውጭ ይታያል።»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። «እርስዎ በር ቆጥረዋል፤ እኔ ደግሞ የምከትበው ሰው ነው። ቁጥራችን አልገናኝ አለ። ሰባ አራተኛው በር ብቻ ስንት ሰው እንዳለው ያውቃሉ?»

«አምስት» አሉ ሳያመነቱ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እዚያ ያሉት ሰዎች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። መልካቸው አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ቋንቋቸውም አምስት ዓይነት ነው። ዛሬ አሉ፣ ነገ ይነሳሉ። እኔ እቅድ ሳወጣ እነሱን እንዴት አድርጌ ላማክር? በምልክት?»

«ልብስ አጣቢዋ እኮ እዚያ ግቢ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጋሼ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው የመጣችው። ነገ የምትነሳ ከሆነ በጣም ቀርፋፋ ናት ማለት ነው።»

«ይሁን። እቅድ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ሐኪም ሰው ሲያክም የት ጋ ልቁረጥህ ብሎ ያማክራል?»

«የት ጋ እንዳመመው ግን ይጠይቃል።»

እኔ አምልጦኝ ሳቅሁ። ጋሼ መዝገብ ዘወር ብለው ሲያዩኝ የወረቀት አቧራ የማራግፍ መሰልኩ። ይህች ልጅ እንዲህ አድርጋ ስትመልስ፣ ማስተማር ምን ያህል ሰው እንደሚያበጅ አሰብሁ፤ ያስተማሯት ደግሞ እሳቸው ናቸውና በገዛ ወጪያቸው መረታታቸው ነበር።

«እኔ ማንንም ከማንም አልለየሁም» አሉ፤ አሁን ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። «ዘር የለ፣ ቀለም የለ። ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወረፋ፣ በአንድ ቋንቋ። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ካለ አስተምሪኝ።»

«ክፋት እንደሌለብዎት ከኔ በላይ ማን ያውቃል ጋሼ? ግን ማስታወቂያው በአንድ ቋንቋ ነው፤ ታችኛው ሰፈር ከግማሽ በላዩ አያነበውም። መድኃኒቱ የሚታደለው ከፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ነው፤ በረኛው መታወቂያ አሳዩ ይላል። ከሰፈሩ ሰው ብዙው መታወቂያው ገና አልወጣለትም። በሩን ለሁሉም ከፍተውለታል፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ግን ግማሹን ያስበረግገዋል። የፈራ ሰው ሲታመም ቤቱ ይተኛል። ቤቱ ከተኛ ውሃው ይበከላል። ውሃው ከተበከለ በሽታው እኔንም እርስዎንም ዘር ሳይለይ ያገኘናል።»

ጋሼ መዝገብ ጥቁሩን መዝገብ ከብብታቸው አወጡና በወረቀት ምልክት ከተደረገበት ላይ ገለጡት። ከሁለት ዓመት በፊት ያው በሽታ ገብቶ የነበረበት ጊዜ ነው። ከገጹ ግርጌ በቀይ ቀለም፣ ክብ ተደርጎ፣ የሟች ቁጥር ዜሮ ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን አየሽ? በሌሎቹ ሰፈሮች ሰው ሲረግፍ በኔ ቀጠና፣ በታችኛው ሰፈር፣ አንድ ሰው አልሞተም። ይህ ዜሮ ሜዳሊያዬ ነው። በበር ቆጠራ ነው የመጣው።»

ልጅቱ ዜሮውን አየችው። የሆነ ነገር ልትናገር ፈልጋ ተወችው። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «እቅድዎ ለሰባ አራተኛው በር የመደበውን አምስት ፓኬት መድኃኒት ከክሊኒኩ ይዘን አሁን አብረን እንሂድ። ከበቃ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ከዚያ በኋላ በሰላም ታስጠርዢኛለሽ?»

«ራሴ እጠርዝልዎታለሁ።»

ጋሼ መዝገብ ኮፍያቸውን አነሱ። እኔም ሱቁን ዘጋሁ። ደንበኛ ቢመጣ ነገም ይመለሳል፤ እንዲህ ያለው ነገር ግን በየቀኑ አይገኝም።

ሰባ አራተኛው በር ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር ነው። የጋሼ መዝገብ ጠመኔ ከላዩ ላይ ደብዝዞ ይታያል። እሳቸው በዚያ በር ፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ቆመዋል። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኩ።

የከፈተችልን ልብስ አጣቢዋ ናት። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች፤ ክንዷ ላይ አረፋ አለ። መልኳ ከኛ መልክ ይለያል፤ ቋንቋችንንም ስትናገር እየተኮላተፈች ነው፣ ግን የሚቀራት ቃል የለም። ጋሼ መዝገብን ስታይ ፊቷ በራ።

«ጠመኔው!» አለች። ወዲያው አፈረችና፣ «ይቅርታ አባባ፣ እኛ የምንጠራዎ እንደዚያ ነው። በየዓመቱ ሲጽፉ በስንጥቁ እናይዎታለን። ልጆቻችን ዘንድሮስ ይገባ ይሆን እያሉ ይወራረዳሉ። አይገባም ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል» አለች።

«ታዲያ ለምን አልጠራችሁኝም?»

«የቢሮ ሰው በር ላይ ሲጽፍ ማን ይጠራዋል? እስኪሄድ ነው የሚጠበቀው።»

ገባን። ግቢው ከውጭ ሲያዩት የማይገመት ሰፊ ነው። ዙሪያውን አሥራ አንድ ክፍል ቤት ተደርድሯል፤ መሐሉ ላይ አንሶላ በየገመዱ ተሰጥቷል። ጋሼ መዝገብ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ለቤተሰብዎ አምስት ፓኬት አምጥቻለሁ። ሰው በተቅማጥ ሲያዝ በንጹሕ ውሃ በጥብጦ የሚጠጣው ነው» አሉ።

«እግዜር ይስጥልን። ለየትኛው ቤተሰብ?» ብላ ሴትዮዋ ወደ ግቢው ዞረችና በአንድ ቋንቋ ተጣራች። ቀጥላ በሌላ፣ ከዚያም በሦስተኛ።

መውጣት ጀመሩ። ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ የቀረበት አናጢ ከነሚስቱና ከነአራት ልጆቹ ወጣ። ስድስተኛው ላይ ጋሼ መዝገብ ፓኬቶቹን የያዙበትን ከረጢት አዩት። ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልብስ ሰፊ ወጣ። ሌሊት ሲጋግሩ አድረው ቀን የሚተኙ አራት ዳቦ ጋጋሪዎች ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። መንታ ያቀፈች ሴት ወጣች። አንድ ሽማግሌን ከነወንበራቸው ተሸክመው አወጧቸው። ጋሼ መዝገብ በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። ሃያ ላይ ሲደርሱ በርጩማ ቀረበላቸው፤ ተቀመጡ። ሠላሳ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። አርባ አንድ ላይ ግቢው ጸጥ አለ።

«አለቀ?» አሉ ጋሼ መዝገብ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«ሁለቱ ሥራ ናቸው» አለች ልብስ አጣቢዋ።

መጀመሪያ የሳቀው አናጢው ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ጋሼ መዝገብ አምስቱን ፓኬት ጉልበታቸው ላይ ደርድረው ለአፍታ ተኮሳተሩ። በመጨረሻ ግን እሳቸውም አልቻሉም፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ለሰው በማንኪያ ጫፍ ይደርሰው ይሆን?» አሉ። ሰውን ከሰው ለማስተዋወቅ አብሮ እንደመሳቅ ያለ ነገር አላየሁም። ሻይ መጣ፤ ልጆቹ የጋሼ መዝገብን ኮፍያ ተቀባበሉት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጋሼ መዝገብ ቁጥራቸውን አርመው ይሄዱ ነበር፤ እቅዱም ያው የእሳቸው ብቻ እቅድ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ሻዩን እየጠጡ ወደ ገመዱ አዩና፣ «ይህ ሁሉ አንሶላ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የማደሪያ ቤቶቹ፣ የሆቴሉ» አለች ልብስ አጣቢዋ። «በከተማው ማን ታሞ እንዳደረ ከሐኪም ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ አባባ። ሆዱን የታመመ ሰው አንሶላ አይጠፋኝም። ከሁለት ዓመት በፊት በሽታው ሲገባ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ማደሪያ በአንድ ቀን አሥራ አራት የተበላሸ አንሶላ መጣልኝ። ክሊኒኩ ወሬውን የሰማው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።»

ጋሼ መዝገብ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ዘጠኝ ቀን? ዘጠኝ ቀን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ነገር አደርግ ነበር። ምነው ሳይነግሩን ቀሩ?»

«ቢሮአችሁ መጥቼ ነበር። በረኛችሁ ከነዘንቢሌ ሲያየኝ ልብስ የሚወሰደው በጓሮ በር ነው ብሎ አዞረኝ። በጓሮ ብሄድ ደግሞ መጋረጃ አሸክመው ሰደዱኝ።»

ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ጋሼ መዝገብ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ «ያም ሆኖ ያን ጊዜ የሞተ የለም። እግዜር ይመስገን፣ ዜሮ ነው» አሉ።

ነርሷ አጎንብሳ መሬት መሬቱን አየች። ልብስ አጣቢዋም እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «ከዚህ ግቢ ሁለት ሞተውብናል አባባ» አለች። «የአንዱ ዳቦ ጋጋሪ እናትና የኔ ታናሽ ወንድም። ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነበር።»

«መዝገቤ ላይ የሉም» አሉ ጋሼ መዝገብ።

«መዝገብዎ ላይማ እኛም የለንም።»

በቁጣ አልተናገረችውም። ቁጣ ቢኖርበት ይቀላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ጋሼ መዝገብ ያንን ጥቁር መዝገብ አወጡና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ አየሁ፤ የኔም እንደዚያው ነበር። በኋላ ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን ከአንዱ ልጅ ራስ ላይ ተቀብለው፣ ልብስ አጣቢዋን እጅ ነሷት።

«ነገ ጠዋት ብመጣ በሩን ይከፍቱልኛል?»

«ካንኳኩ» አለች።

ረቡዕን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጋሼ መዝገብ የግቢውን ሰው ይዘው መጡና ሱቄ የጦር ሠፈር መሰለ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ እያንዳንዱ በር በቀን ስንት ዳቦ እንደሚወስድ በቃላቸው ያውቃሉና ከዚያ ተነሥተው ቆጠራውን መሩት፤ ሌሎቹ በየቋንቋቸው እያንኳኩ አረጋገጡት። ከቀትር በኋላ ቁጥሩ ታወቀ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሰባት። መድኃኒቱ በልብስ አጣቢዋ ግቢና በአራት ሌሎች ግቢዎች እንዲታደል፣ መታወቂያም እንዳይጠየቅ ተስማሙ። አጣቢዎቹም በየሰኞው ያዩትን ለነርሷ እንዲነግሩ ተወሰነ። ማስታወቂያው በአምስት ቋንቋ ተጻፈ። አንዱን ቋንቋ እኔ ፊደሉን ስለማላውቀው ሃምሳውን ቅጂ ገልብጬ አተምኩት። ልብስ ሰፊው አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይህን የሚያነበው ሰው በጭንቅላቱ መቆም አለበት» አለኝ። ሳላማክር መሥራት ምን እንደሚመስል እኔም በገዛ እጄ አየሁት።

ሐሙስ ጠዋት የጤና ቢሮው ኃላፊ እቅዱን ገልጠው፣ «ይህ ሁሉ ፊርማ ምንድን ነው? እቅዱ የእርስዎ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ጥራዙን ይዤ ቆሜ ነበርና የጋሼ መዝገብን መልስ በጆሮዬ ሰማሁ።

«የኔ የነበረው ተሳስቶ ነበር ጌታዬ። ይህኛው የሁላችን ነው። ሰውን ያማከርነው ደስ እንዲለው ብለን አይደለም፤ እኛ የማናውቀውን እሱ ስለሚያውቅ ነው። ሰው በትክክል ሲቆጠር መድኃኒት አይጎድልም። በቋንቋው ሲነገረው ውሃውን አፍልቶ ይጠጣል። በማይፈራበት ቦታ ሲሰጠው በሕመሙ መጀመሪያ ቀን ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አደጋው የት እንዳለ አስቀድሞ ይነግረናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐኪም ቀዶ ጥገና ሲሠራ አያማክርም ስል ኖርኩ። የት ጋ እንዳመመው ግን ይጠይቃል።»

ነርሷ ከጎኔ ቆማ ነበር። የገዛ ቃሏ በአጎቷ አፍ ሲወጣ ሰምታ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ኃላፊው እስክሪብቶ አውጥተው ፈረሙ።

ዝናቡ በገባ በሦስተኛው ሰኞ ልብስ አጣቢዋ ከአንድ ማደሪያ ሦስት የተበላሸ አንሶላ እንደመጣላት ለነርሷ ነገረቻት። ከሰዓት በኋላ በማደሪያው ያሉት ሕመምተኞች ታከሙ፤ የጉድጓድ ውሃውም ታሸገ። በዚያ ክረምት በቀጠናው ሃያ ስድስት ሰው ታመመ። ሃያ ስድስቱም ድነው በእግራቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ዳቦ አላቋረጡብንም፤ ትምህርት ቤት አልተዘጋም፤ ከታችኛው ሰፈር በላይ ያለነውም በሰላም ከረምን።

የጋሼ መዝገብ መሸኛ በሰባ አራተኛው በር ተደረገ። ቢሮው አዳራሽ አዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። አናጢው አግዳሚ ወንበር ሠራ፤ ዳቦው ትኩስ ነበር፤ በአምስት ቋንቋ ተዘፈነ፤ ጋሼ መዝገብም በማያውቁት ዘፈን ሁሉ አጨበጨቡ። በመሐል መዝገባቸውን አስመጡና ያንን አሮጌ ገጽ ገለጡት። ቀዩ ዜሮ ተሰርዟል። ከጎኑ ሁለት ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ የአንዲት እናትና የአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ስም ሰፍሯል። ገጹን ለዳቦ ጋጋሪውና ለልብስ አጣቢዋ አሳዩአቸው። ዳቦ ጋጋሪው የእናቱን ስም በጣቱ ነካው።

ከዚያ ጋሼ መዝገብ የዘንድሮውን ገጽ ገለጡ። የሟች ቁጥር የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ለልብስ አጣቢዋ ሰጧት።

«እርስዎ ይጻፉልኝ» አሉ። «የኔን ዜሮ እኔም አላምነውም።»

እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች፣ ግን ከሳሙና ጋር የኖረ እጅ ቶሎ አይደርቅም። አጎንብሳ በጥንቃቄ ዜሮ ጻፈች፤ እርጥብ ጣቷ ነክቶት ቀለሙ ትንሽ ፈሰስ አለ። ጋሼ መዝገብ እንዳይጠረግ ከለከሉ። በማግስቱ ገጹን ወደ ሱቄ ይዘው መጡና አምስት ኮፒ አደረግሁላቸው፤ አንዱን ሰርቄ ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ አሁንም ከማሽኔ በላይ ተለጥፏል።